ይቺን መልሳት፦ ስለ ሱፊዎችና ስለ ጆሮ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለተሰበሰቡ የንባብ ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ያለ ድምፅ ማጉያ ነው የተናገርኩት። ስጽፈው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ከርዕስ መውጣቴን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ካልሰማችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ። የመጣሁት ስለ መስማት ላወራ ስለሆነ፣ የመብራቱ መጥፋት ሳያግዘኝ አይቀርም።

የጋበዙኝ ልጆች «ሱፊዎች ስለ መንገድ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሙዚቃ ምን ይላሉ?» ብለው ርዕስ ሰጡኝ። ሱፊዎች የምንላቸው በእስልምና ውስጥ ወደ ፈጣሪ በልብ መንገድ የሚጓዙትን ነው። ሦስቱን በአንድ ከሰዓት? አንዱ ብቻ የሰው ዕድሜ ይጨርሳል። ስለዚህ ለሦስቱም አንድ በር ፈለግሁላቸው። በሩ ጆሮ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ የልጅነት ጥፋቴን ልናገር።

ያደግሁት ይፋት ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማይርቅ መንደር። አያቴ አንዲት የመንዙማ ካሴት ነበረቻት። ማንበብ ስለማትችል ጎኗ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ተደርጎላታል። በነጥቧ ነው የምትለያት። ሐሙስ ማታ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ካሴቷ ትገባለች። ከዚያ ቤቱ ውስጥ የሚያወራ የለም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ይመስለኛል፣ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የዘፈን ካሴት ይዞ መጣ። መቅዳት አማረኝ። ባዶ ካሴት መግዣ ግን የለኝም። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የካሴት ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ከተጠቀጠቁ፣ አልቀዳም ያለው ካሴት ይቀዳል። የደብተር ወረቀት አላምጬ ጠቀጠቅሁት። ባለ ቀይ ነጥቡን ገጽ ሙሉውን ዘፈን ገለበጥሁበት። ለምን ሌላኛውን ገጽ እንዳልመረጥሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐሙስ መጣ። አያቴ አቦሉን ልትቀዳ ጀበናውን አንስታለች። ካሴቷ ገባች። ድቤ በምንጠብቅበት ቦታ ክራር መጣ። ከዚያ አንድ ሰው ስለ ሄደችበት ሴት ማንጎራጎር ጀመረ። እኔ ጥግ ላይ የተኛ መስያለሁ። በአንድ ዓይኔ አያለሁ። እጇ አየር ላይ ቆመ። ስድቡን ጠበቅሁ። ዱላውንም ጠበቅሁ።

ጀበናውን መልሳ አስቀመጠችው። ዓይኗን ጨፈነች። ዘፈኑ ሲያልቅ በነጠላዋ ጫፍ ጉንጯን ጠረገችና ወደ እኔ ዞራ «ይቺን መልሳት» አለችኝ። ተኝቼ እንዳልነበር ታውቃለች ማለት ነው። የቴፑ መመለሻ ቁልፍ ስለማይሠራ በእስክሪብቶ ጠምዝዤ መለስሁላት። ማታውን አራት ጊዜ ጠመዘዝሁ። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንደዚያው።

ይቺን ታሪክ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

«ሱፊ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ሱፍ» የመጣ ነው ይላሉ ብዙዎቹ ሊቃውንት። የበግ ጠጉር ማለት ነው። ቀደምቶቹ ዓለምን የናቁ ሰዎች ለስላሳውን ትተው ሻካራ የጠጉር ልብስ ይለብሱ ነበር። እኛ ዘንድ ዛሬ ሱፍ ሲባል ሙሽራ ነው የሚታየን፣ ከነከረባቱ። (የጾሙን የሱፍ ፍትፍት ትቼ ማለቴ ነው።) የሱፊን ልብስ ማየት የፈለገ ግን ሩቅ አገር መሄድ የለበትም። መንዝ ይውጣ። የበግ ጠጉር ባና ደርቦ፣ ዋሽንቱን መታጠቂያው ላይ ሰክቶ በግ የሚጠብቅ ልጅ ያገኛል።

እረኛ ካነሳሁ ጀላሉዲን ሩሚን ላንሳ። ሩሚ ከ1207 እስከ 1273 እ.ኤ.አ. የኖሩ፣ በፋርስኛ የገጠሙ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ኮንያ የተቀበሩ ሰው ናቸው። ከተረኳቸው ታሪኮች አንዱ እንዲህ ነው። ነቢዩ ሙሳ በመንገድ ሲያልፉ አንድ እረኛ ከፈጣሪው ጋር ሲያወራ ሰሙት። «የት ነው ያለኸው? ጫማህን ልጠግንልህ። ጠጉርህን ላበጥርልህ፣ ቅማልህን ልልቀምልህ። ማታ ማታ ወተት ላምጣልህ» ይላል። ሙሳ ደነገጡ። ይህ ክህደት ነው፣ ፈጣሪ እግር አለው ወይ ብለው ገሠጹት። እረኛው ልብሱን ቀደደና ወደ በረሃ ጠፋ። ያን ጊዜ ለሙሳ ድምፅ መጣላቸው። «የላክሁህ ልታገናኝ ነው ወይስ ልትለያይ? ለእያንዳንዱ የራሱን አነጋገር ሰጥቼዋለሁ» የሚል። ሙሳ የእረኛውን ዱካ እየተከተሉ ሮጡ።

እኔ የምወደው ሩጫውን ነው። ተግሣጹን ብዙ ሰው ይተርከዋል። አንድ ነቢይ አሸዋ ላይ የእረኛ ዱካ እያዩ ሲሮጡ ግን ይታያችሁ። እረኛው ያጠፋው ቃል ላይ ነበር። ሙሳ ያጠፉት ጆሮ ላይ ነው። ቃሉን ሰሙ፣ ናፍቆቱ አመለጣቸው።

ሱፊዎች ዘንድ የታወቀ አባባል አለ፦ ወደ አላህ የሚወስዱት መንገዶች በፍጡራን ትንፋሽ ቁጥር ናቸው ይባላል። በሰው ቁጥር አላሉም። በትንፋሽ ቁጥር ነው ያሉት። የትናንትናው የራስህ መንገድ እንኳ ዛሬ ላይሆንህ ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) እጁን ማንሳቱ አይቀርም። መንገዱ በትንፋሽ ቁጥር ከሆነ ሸህ ለምን ያስፈልጋል? ለዚህም አባባል አላቸው፦ «ሸህ የሌለው ሰው ሸሁ ሸይጧን ነው»። እውነቱን ለመናገር ይህን አባባል ብዙም አልወደውም። ሰው አስሮ ለመያዝ ሲጠቀሙበት አይቻለሁ። ግን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በእግሩ የወረደ ሰው ምን ለማለት እንደተፈለገ ይገባዋል። ጉም ሲወርድ ጫፉና ገደሉ አይለይም። እግሩ የራስህ ነው፤ ማንም አይራመድልህም። ድንጋዩን የሚያውቅ ሰው ከፊት ካለ ግን ድምፁን ሰምተህ ትረግጣለህ። ሸህ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ጉም ውስጥ ያለ ድምፅ።

ያ መንገድ እንዲሁ ቅዱስ መንገድ ነው ብዬ እንዳላሞካሸው ደግሞ። አልዩ አምባ የአርጎባ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። ጨውና ቡና ተመላልሶበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው አጠገብ ዐብዱል ረሱል በሚባል ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ዚክር (የፈጣሪን ስም ማውሳት) እያለ የሚሄደውም ባሪያ እየነዳ የሚሄደውም በአንድ አቀበት ተላልፈዋል። መንገድ ብቻውን ሰውን አያነጻም።

ስለ ግል መንገድ ሲወራ እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ኢማም ገዛሊ ትዝ ይሉኛል። ባግዳድ ውስጥ የኒዛሚያ ትምህርት ቤት ዋና መምህር ነበሩ። ዝናቸው የናኘ፣ ደረሳው የከበባቸው። በ1095 እ.ኤ.አ.፣ በ37 ዓመታቸው ገደማ፣ ሊያስተምሩ ተቀመጡና ምላሳቸው እንቢ አለ። ቃል አልወጣም። ምግብም አልወርድ አላቸው። ሐኪሞቹ ይህ የልብ ጉዳይ ነው አሉ። የሚያስተምሩት ለአላህ ብለው ይሁን ለዝና ራሳቸውን ሲጠይቁ ከርመው ነበር። ሥራውንም ክብሩንም ትተው ወጡ። ዓመታት በብቸኝነት ቆዩ።

ጠመኔ ይዞ ክፍል ፊት የቆመ ሰው ይህ ይገባዋል። ድምፅ ሲጠፋ ነው አንዳንዱ ራሱን መስማት የሚጀምረው።

ስለ ፍቅር ብዙ አላወራም። ስለ ፍቅር ብዙ የሚያወራ ሰው ያጠራጥረኛል። የበስራዋን ራቢዓ አል-ዐደዊያን ብቻ ላንሳ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን በአንድ እጃቸው እሳት፣ በሌላው ውኃ ይዘው በመንገድ ሲሮጡ ታዩ ይባላል። ወዴት ነው ቢሏቸው፣ ጀነትን ላቃጥል፣ ጀሀነምን ላጠፋ ነው አሉ። ሰው ተስፋና ፍርሃቱን ትቶ ፈጣሪውን ለእርሱነቱ ብቻ እንዲወድ። አስቡት፣ ሁለቱም ቢነሡ ስንቶቻችን እንቀራለን? እኔ እንጃልኝ።

አሁን ወደ ሙዚቃው።

ሱፊዎች ለዚህ ያላቸው ቃል «ሰማዕ» ነው። ዐረብኛ ነው፤ ግን ለእኛ ባዳ አይደለም። ግእዙ «ሰምዐ» ይላል፣ አማርኛው «ሰማ»። አንድ ሥር ናቸው። ልብ በሉልኝ፤ ቃሉ መጫወት አይልም፣ መዝፈን አይልም። መስማት ነው። ጥበቡ ያለው አዳማጩ ዘንድ ነው። «ሰማዕት» የምንለውም ከዚሁ የተወለደ ነው። ሰማ፣ መሰከረ፣ አንገቱን ሰጠ።

ያው ገዛሊ፣ በ1111 እ.ኤ.አ. ከመሞታቸው በፊት፣ ስለ ሰማዕ በሰፊው ጽፈዋል። ነገሩን በድንጋይ ነው ያስረዱት። እሳት ባልጩት ውስጥ ተደብቆ እንደሚኖር በሰው ልብም እሳት አለ። ዜማ ሲመታው ይወጣል። ዜማው ልብ ውስጥ ያልነበረን ነገር አያመጣም፤ ያለውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሙዚቃ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም ብሎ ለጠየቃቸው ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መለሱት። ልብህ ውስጥ ምን አለ?

በዚህ የማይስማሙ ሙስሊሞች አሉ። ድቤውንም፣ ሐድራውንም (የጋራውን የዚክር ስብሰባ)፣ አንዳንዶቹ መንዙማውንም አይቀበሉም። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ትኖራላችሁ፣ አክብሬ ነው የምናገረው። ክርክሩ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ በእኔ ከሰዓት አያልቅም።

ገዛሊ ያሉትን ከሁሉ አሳምራ የምታሳየው ግን የሺብሊ ቀልድ ናት። ሺብሊ በ946 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ውስጥ ያረፉ ሱፊ ናቸው። አንድ ቀን በገበያ ሲያልፉ ዱባ መሰሉን አትክልት፣ ኺያሩን የሚሸጥ ሰው «ኺያር ዐሥሩ በአንዲት ሳንቲም!» እያለ ይጮኻል። ዐረብኛው «ኺያር» የአትክልቱም ስም ነው፣ «ምርጥ ሰዎች» ማለትም ነው። ሺብሊ ጮኸው አለቀሱ። «ምርጦቹ ዐሥሩ በአንዲት ሳንቲም ከሆኑ፣ እኛ መጥፎዎቹማ ምን ልናወጣ ነው?»

ፈረንጅ ይህን ሲሰማ ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ አንፈልግም። ሰምና ወርቅ ነው! ነጋዴው ሰሙን ጮኸ፣ ሺብሊ ወርቁን ሰሙ። እኛ ዘንድ ቅኔ ሲባል የምናደንቀው ዘራፊውን ነው። ሱፊዎቹ ያደነቁት ሳያስበው የተቀኘውን የኺያር ነጋዴ ወርቅ የሰማውን ጆሮ ነው።

እኔም አንዳንድ ጠዋት ሰፈሬ ውስጥ «ቁራሌው!» የሚለው ልጅ ሲያልፍ ይህ ይመጣብኛል። አሮጌ ያለው፣ የተሰበረ ያለው፣ የዛገ ያለው ይላል። ገንዘብ ልስጥህ ይላል ደግሞ። የተሰበረውን በገንዘብ የሚፈልግ ሌላ ማን አለ? ሺብሊ ደብረ ብርሃን ቢኖሩ ኖሮ በየማለዳው እያለቀሱ ነበር።

የባግዳዱ ጁነይድ፣ በ910 እ.ኤ.አ. ያረፉት፣ የሺብሊ መምህር ነበሩ። እሳቸው ለሰማዕ ሦስት ነገር ያስፈልጋል ብለዋል፦ ጊዜ፣ ቦታና ወንድሞች። ልክ ያልሆነ ሰዓት፣ ልክ ያልሆነ ቤት፣ ልብ ያልገጠመ ሰው ካለበት ይቅር። ሲያረጁ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲወዛወዝ እሳቸው አልነቃነቅ አሉ። ለምን ቢባሉ የቁርኣን አንቀጽ ነው የመለሱት፤ ከምዕራፍ 27፣ ቁጥር 88። ተራሮችን የቆሙ ናቸው ብለህ ታስባለህ፣ እነርሱ ግን እንደ ደመና ያልፋሉ የሚለውን። ጣርማበር ላይ ቆሞ ከእግሩ በታች ደመናው በይፋት ላይ ሲሄድ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም። ደመናው ይሄዳል ወይስ ተራራው? ትንሽ ቆማችሁ ብታዩ ይደናገራችኋል። ደብረ ሲና ወርዳችሁ ቆሎ እስክትገዙ ድረስ እርግጠኛ አትሆኑም።

የእኛው መንዙማ እንዴት ነው? በወሎና በይፋት መሻይኾች (ሸሆች) እጅ ያደገ ነው። ሸህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ገጥመዋል። የአማርኛ ግጥም፣ የዐረብኛ ፊደል፣ የአገራችን ቅኝት፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዳሴ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ ዝግ ብሎ ነው። ጭብጨባው ይከተላል። ድቤው ወደ ኋላ ላይ ነው የሚገባው፤ ሲገባም እንደ እንግዳ በር አንኳክቶ ነው። ሌሊቱ ሲገፋ ግጥሙ ያጥራል። ጎህ ሲቀድ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ይሆናል።

የሚያነቃው ደግሞ ቡናው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ ቡና ያስለመዱት ሱፊዎች ናቸው፤ ለሌሊት ዚክር እንቅልፍ እንዳያሸንፋቸው። እኛ ዛሬም ሦስተኛውን ስኒ «በረካ» እንላለን። ክርስቲያኑም በረካ ሳይጠጣ አይነሳም።

ሩሚ ትልቁን ሥራቸውን የጀመሩት በሸምበቆ ዋሽንት እሮሮ ነው። ከሸምበቆዎቹ መሀል ተቆርጦ የወጣው ሸምበቆ መለየቱን ያለቅሳል። በልጅነቴ ወንዝ ዳር አንድ ሰው ዋሽንት ሲሠራ አይቻለሁ። ሸምበቆውን ቆርጦ የውስጡን አንጓ በጋለ ብረት ወጋው። ጭሱ በሁለቱም ጫፍ ወጣ። ከዚያ አራት ቀዳዳ በጎኑ አቃጠለበት። የተቃጠለ ገለባ ሸተተኝ። ሲነፋው መጀመሪያ የወጣው ዜማ አልነበረም። አመድ ነው። ቱፍ ቱፍ አድርጎ አመዱን አወጣና ድምፁ ከዚያ በኋላ ጠራ። ስለ ሩሚ ሸምበቆ የተጻፉ ብዙ ማብራሪያዎች አንብቤአለሁ፤ የዚያን አመድ ያህል የገባኝ ግን የለም።

አንድ ሰው ብቻ ልጨምርና ልጨርስ። ኢናያት ኻን ይባላሉ። በ1882 እ.ኤ.አ. ባሮዳ፣ ህንድ የተወለዱ ቪና የሚባለው የህንድ የአውታር መሣሪያ ተጫዋች ናቸው። ሸሃቸው ምሥራቅና ምዕራብን በዜማህ አስማማ ብለው አዘዟቸው። በ1910 እ.ኤ.አ. ከአገራቸው ወጡ። አሜሪካና አውሮፓ እየዞሩ ተጫወቱ። ኋላ መጫወቱን ተዉ። መሣሪያውን ትቼ አሁን የምቃኘው ሰዎችን ነው የሚል ሐሳብ ጽፈዋል። አማርኛችን ይህን ሐሳብ አዝሎ ነው የቆየው። ቅኝት፣ መቃኘት፣ የተቃኘ ልጅ እንላለን። በገና የሚቃኝ ሰው ያያችሁ፣ አውታሩን የሚመታው ለስለስ አድርጎ ነው፤ ጆሮውን ግን እንጨቱ ላይ ሊያስነካ ነው የሚደርሰው።

ጥያቄ ካለ።

(አንድ ወጣት፦ «እኔ መንዙማ የምሰማው በኢርፎን ነው፣ ታክሲ ውስጥ። ይቆጠርልኛል?»)

ጁነይድን ብንጠይቃቸው ጊዜውንም ቦታውንም ምናልባት ያልፉልህ ነበር። የጎደለህ ወንድሞች ናቸው። አንዱን ጆሮ አውጥተህ አጠገብህ ላለው ብትሰጠው እንዴት ነው? ሲያይህ የሚደነግጥ ይመስለኛል፤ ግን ሞክረው።

(አንድ አባት፦ «አያትህ ግን፣ ልጄ፣ መንዙማ መስሏቸው ነው ያለቀሱት?»)

እመለስባታለሁ ብዬ ረስቼ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው። ጆሮዋ ደክሟል፣ ቃሉ አልተለየላትም እል ነበር። ጸጸቱም የበለጠው ለዚያ ነው፤ ያታለልኳት መስሎኝ። አያቴ ከሞተች በኋላ አንድ ቀን ለአክስቴ ነገርኳት። እንደ ኑዛዜ፣ አንገቴን ደፍቼ። አክስቴ ሳቀች። ስኒውን አስቀምጣ እስክትንፈራፈር ነው የሳቀችው።

«ዘፈን መሆኑ የጠፋት መሰለህ?» አለችኝ። «የእኔ ሠርግ ላይ ስትጨፍርበት ያደረችው እኮ ነው!»